ጅራቱን የሚያወዛውዝ ፍላጻ

ባለፈው መጋቢት አንድ ቅዳሜ ጠዋት የወረወርኳቸውን ስድስት ፍላጻዎች ልነቅል ወደ ገለባው ዒላማ ሄድኩ። አብረውኝ የመጡት አዛውንት አሠልጣኝ ግን እጄን ከመዘርጋቴ በፊት አስቆሙኝ። ስድስቱም ከመሐለኛው ቀለበት በስተግራ ተሰክተዋል። እርሳቸው ይመለከቱ የነበረው አሰካካቸውን ነው፤ ሁለቱ ጭራቸውን ወደ ሰማይ ቀስረዋል፣ ሦስቱ ወደ ጎን አዘንብለዋል፣ አንዱ ደግሞ ወደ ላይም ወደ ጎንም ዞሮ ቆሟል፤ ቀጥ ብሎ የገባ አንድም የለም። «የት እንደ መቱ ለጊዜው ተወው፤ እንዴት ሆነው መጡ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለት ወር ሙሉ ዓይኔን ከዒላማው ሳልነቅል ስወረውር፣ በእኔና በዒላማው መካከል ያለውን 20 ያርድ አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም ነበር።

የምኖረው በሰሜን እንግሊዝ ነው። በክረምቱ ወራት የስድስት ሳምንት የጀማሪዎች ሥልጠና ወስጄ ከጨረስኩ በኋላ ከአንድ ሱቅ የራሴን ረጅም ደጋንና ስድስት የእንጨት ፍላጻዎች ገዛሁ። ደጋኑ ጀርባው ሂከሪ፣ ሆዱ ሌመንውድ ከሚባል እንጨት የተጣበቀ ሲሆን፣ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፤ ከእጀታው በላይ «40 ፓውንድ፣ 28 ኢንች» ተብሎ በቀለም ተጽፎበታል፤ 28 ኢንች ሲሳብ 40 ፓውንድ ጉልበት ይጠይቃል ማለት ነው። ማነጣጠሪያ የለውም፣ ፍላጻው የሚያርፍበት ድጋፍም አልተቀረጸለትም። ፍላጻው የሚቀመጠው ደጋኑን በጨበጠው እጅ አናት ላይ፣ በራስ ቆዳና አጥንት ላይ ነው። ኋላ ለደረሰብኝ ነገር ሁሉ ይህች ትንሽ እውነት ትልቅ ድርሻ አላት።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ልበል። ዛሬ «ቀስት» ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው የሚወረወረውን ነገር ነው፤ በግዕዝ ግን ቀስት የሚጎብጠው መሣሪያ ራሱ ነው፤ ቀስተ ደመና ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ጉብጠት ነው። ግራ እንዳንጋባ እኔ በዚህ ጽሑፍ የሚጎብጠውን ደጋን፣ የሚበረውን ፍላጻ እላለሁ። ደጋን ለእኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ቃል ነው፤ እናቴ ጥጥ የምትነድፍበት ነበር። ጅማቱ ሲላላ ጥጡ እንደማይፈነጠርና ድምፁም እንደሚደነዝዝ አውቅ ነበር። ይህን እውቀት እንግሊዝ አገር ይዤው መጥቼ ሳለ፣ የራሴ ደጋን ጅማት ላልቶ ክንዴን ሲገርፈኝ ለሦስት ሳምንት ያህል ምክንያቱ አልገባኝም።

ፍላጻ ለምን ጅራቱን እንደሚያወዛውዝ ለመረዳት አስቀድሞ ቀጥ ብሎ መሄዱ ራሱ እንግዳ ነገር መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። እኔ የምስበው በቀኝ እጄ ነው፤ ስለዚህ ፍላጻው ከደጋኑ በስተግራ ይቀመጣል። ጅማቱ ሲለቀቅ የሚሮጠው ወደ ደጋኑ መካከል ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ የደጋኑ እንጨት ቆሟል። በቀላል ስሌት ቢሆን ኖሮ ፍላጻው ሁልጊዜ ወደ ግራ ይሄድ ነበር። የማይሄደው ስለሚተጣጠፍ ነው። ጅማቱ ከጣቶች ላይ ሲንሸራተት ጭራውን ወደ ግራ ይገፋዋል፣ የፍላጻው ወገብ ደጋኑ ላይ ተጭኖ ይጎብጣል፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ተቃራኒው ጎብጦ ደጋኑን እንደ እባብ ዞሮት ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ የቀረውን መወዛወዝ ላባዎቹ ቀስ በቀስ ያረግቡታል። ይህን የቀስተኛው ተቃርኖ ይሉታል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላረንስ ሂክማን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በፈጣን ካሜራ ቀርጾ እስኪያሳይ ድረስ ነገሩ ብዙ ያከራክር ነበር።

እንግዲህ ሁሉም ነገር የሚወሰነው ፍላጻው በትክክለኛው መጠን በመጉበጡ ነው። እንጨቱ ለመጉበጥ ያለውን እምቢታ ስፓይን ብለው ይጠሩታል፤ አለካኩም ቀላል ነው። የፍላጻው እንጨት 26 ኢንች በሚራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ ይጋደማል፣ ከመሐሉ 2 ፓውንድ ክብደት ይንጠለጠልበታል፣ ከዚያም ምን ያህል እንደ ሰረጎደ ይለካል። 26ን በስርጉደቱ ኢንች ሲያካፍሉት የስፓይኑ ቁጥር ይገኛል፤ 0.65 ኢንች የሰረጎደ እንጨት 40 ይባላል ማለት ነው። ከልክ በላይ እምቢተኛ የሆነ ፍላጻ ሳይጎብጥ ከደጋኑ ጎን ተገፍቶ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ከልክ በላይ ለስላሳ የሆነው ደግሞ ወደ ቀኝ። ለግራኞች ሁሉም ይገለበጣል። ሱቁ የሸጠልኝ ከ40 እስከ 45 የሆነውን ነው፤ ደጋኑ ላይ የተጻፈውን አይተው የሰጡኝ በመሆኑ በዚያ በኩል ስህተት አልሠሩም።

ያን ቀን ፍላጻዎቼ ሁለት በሽታ በአንድ ጊዜ ነበረባቸው፤ ጎን ለጎን እንደ ዓሣ ጅራት ይወዛወዛሉ፣ ወደ ላይና ወደ ታችም ይሰግራሉ። አዛውንቱ «ከላይና ከታቹ ጀምር፤ እርሱ ሳይስተካከል የግራና የቀኙን ምልክት ብታምነው ያታልልሃል» አሉኝና ወደ ሌሎች ተማሪዎች ሄዱ።

እኔም የሰማሁትን ተቀብዬ በገዛ ብልጠቴ ተሳሳትኩ። ጭራቸው ወደ ላይ ተቀስሮ ስላየሁ፣ የፍላጻው ስንጥቅ ጅማቱን የሚነክስበት ቦታ ከፍ ብሏል ብዬ ደመደምኩ፤ ስለዚህም በጅማቱ ላይ ያሰርኩትን የክር ምልክት ወደ ታች አወረድኩት። ቀጣዮቹ ፍላጻዎች ይበልጥ ሰገሩ። እንደገና አወረድኩት። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ውርወራ ላይ አንድ ቀጭን ነገር የግራ እጄን አናት እንደ ምላጭ ሲሰነጥቀኝ ተሰማኝ። የደሙን መስመር ተከትዬ ሳይ፣ ከአመልካች ጣቴ ሥር ባለው አንጓ ላይ የላባው አገዳ ስንጣሪ ተሰክቷል፤ ርዝመቱ ከአንድ የስንዴ ቅንጣት አይበልጥም፣ ሕመሙ ግን ከርዝመቱ ጋር አይመጣጠንም።

ነገሩ የገባኝ ያን ስንጣሪ በመርፌ ሳወጣ ነው። የንክሻው ቦታ ዝቅ ሲል የፍላጻው ጭራ ወደ ታች ተጭኖ በእጄ አናት ላይ እየታከከ ያልፋል፤ እጄን መትቶ ነጥሮ ወደ ላይ ይፈናጠራል። ዒላማው ላይ የማየው የተቀሰረ ጭራ የነጠረው ነው። ምልክቱ ከፍ ማለቱን የሚናገር መስሎ ዝቅ ማለቱን ነው የሚናገረው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ሆን ብለው አለልክ ከፍ አድርገው የሚጀምሩትና እየወረዱ የሚፈልጉት ለካ ለዚህ ኖሯል፤ ከላይ ሲመጡ ምልክቱ አይዋሽም።

በሳምንቱ ክሩን ፈትቼ ፍላጻው ከጅማቱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ከሚሠራበት ነጥብ 1.5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጌ አሰርኩት። ከስድስቱ ፍላጻዎች የሁለቱን ላባ ላጭቼ (እኔ መላጣ ፍላጻ እላቸዋለሁ) ከ10 ያርድ ላይ ላባ ካላቸው ጋር እያፈራረቅሁ ወረወርኳቸው። መላጣ ፍላጻ ስህተትን የሚሸፍንለት ላባ ስለሌለው ከደጋኑ ሲወጣ የያዘውን ጠባይ እስከ መጨረሻው ይዞት ይሄዳል። ማስጠንቀቂያ ቢኖረኝ አንድ ነው፤ የእንጨት ፍላጻ ላባ ሳይኖረው አግድም ሆኖ ዒላማ ሲመታ በቀላሉ ይሰበራል፤ ስለዚህ ርቀቱ ቅርብ፣ ዒላማው ለስላሳ ይሁን። መላጣዎቹ ከሌሎቹ አንድ ስንዝር ዝቅ ብለው፣ ጭራቸውን አንስተው ተሰኩ። ይህ እውነተኛው «ከፍ ብሏል» ነው። ክሩን በክር ውፍረት ልክ እያወረድኩ ስሞክር፣ ከማዕዘኑ 1 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ሲል መላጣዎቹና ባለላባዎቹ በአንድ ከፍታ መግባት ጀመሩ። ስግረቱ ቆመ።

በዚሁ መሐል ከዚህ ሁሉ በፊት መታየት የነበረበትን ነገር አገኘሁ። የተወጠረ ደጋን ከእጀታው እስከ ጅማቱ ሊኖረው የሚገባውን ርቀት የጥንት እንግሊዞች የሚለኩት እኛ በጋትና በስንዝር እንደምንለካው በእጃቸው ነው፤ ጭብጥ ተደርጎ አውራ ጣት ወደ ላይ ሲቀሰር የሚገኘው ከ6 እስከ 7 ኢንች የሚሆን ርዝመት ነው። የእኔ ጅማት በአጠቃቀም ብዛት ተለጥጦ ርቀቱ 5 ኢንች ተኩል ብቻ ሆኖ ነበር። ክንዴ ላይ የነበረው ሰንበር ምክንያቱ ይኸው ነው። የታችኛውን ቋጠሮ ፈትቼ ጅማቱን አሳጠርኩና ወደ 6 ኢንች ተኩል መለስኩት፤ ደጋኑ ሲለቀቅ ያሰማ የነበረው የደነዘዘ ድምፅም ጠራ። ክራር የሚቃኝ ሰው ጣቱ ከመንቀሳቀሱ በፊት ጆሮው እንደሚያውቅ ሁሉ፣ ይህንንም ድምፁ አስቀድሞ ይነግረኝ ነበር፤ እኔ አልሰማሁትም እንጂ።

ስለ ላባዎቹም ጥቂት ልጨምር። ሦስቱም ከአንድ ወገን ክንፍ የመጡ መሆን አለባቸው፣ የግራና የቀኝ ክንፍ ላባ ተፈጥሯዊ ጉብጠቱ ስለሚለያይ ሲቀላቀሉ እርስ በርስ ይታገላሉ። ለየት ባለ ቀለም የተቀባው ላባ ከደጋኑ ወደ ውጭ ይዞራል። እጄን የሰነጠቀውን የላባ አገዳ ጫፍ በተመለከተ፣ በቀጭን ክር ጠምጥሜ በሙጫ አለሰለስኩት፤ ይህን ያገኘሁት ደግሞ ፖርትስማውዝ ከሚገኘው ሙዚየም ነው። የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ የጦር መርከብ ሜሪ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ1545 ሰምጣ በ1982 ከባሕር ወጥታለች፤ ከፍርስራሿም 137 ሙሉ ደጋኖችና በሺህ የሚቆጠሩ ፍላጻዎች ተገኝተዋል። ላባዎቹን ባሕር በልቷቸዋል፤ በእንጨቶቹ ላይ ግን ላባው የታሰረበት የክር ጥምጥም ዱካ ይታያል። ፍላጻዎቹ ላባቸው እንዳይጨፈለቅ የሚቀመጡበት፣ 24 ቀዳዳ ያለው ክብ ቆዳም አለ። እነዚያን ደጋኖች ለመሳብ የሚያስፈልገው ጉልበት ከ100 እስከ 185 ፓውንድ እንደነበር ይገመታል። ከ40 ፓውንድ ደጋኔ ጋር ታግዬ በወጣሁበት ማግስት በመስታወቱ ፊት ቆሜ ያን ቁጥር ማንበቤ ትንሽ አሳፍሮኛል።

ስግረቱ ቢቆምም የጎን መወዛወዙ አልቆመም፤ ፍላጻዎቹም ግራ መሄዳቸውን አልተዉም። መላጣዎቹ ከባለላባዎቹ በአንድ ክንድ ያህል ግራ ይገቡ ነበር። ስለ ደጋን የተጻፈው ምክር ግልጽ ነው፤ ፍላጻው እምቢተኛ ነው፣ ለስላሳውን ግዛ። እኔም ሌላ ስድስት ፍላጻ ለመግዛት ወስኜ ነበር፤ በሱቁም ላይ በልቤ አጉረምርሜያለሁ። ይህን ለአዛውንቱ ስነግራቸው ምንም ሳይመልሱ ደጋኔንና ፍላጻዎቼን ተቀበሉኝ፤ ስድስቱንም ወረወሩ። በጎን ቆሜ አየሁ። ስድስቱም ከደጋኑ ሲወጡ አንዴ ብቻ ተርገፍግፈው፣ ከግማሽ መንገድ በፊት ረግተው፣ ቀጥ ብለው ገቡ። አምስቱ በመሐለኛው ቀለበት ዙሪያ፣ አንዱ ብቻ ወጣ ብሎ።

ያች ዝምታ ከምክር ሁሉ በላይ አስተማረችኝ። ደጋኑ ያው ነው፣ ፍላጻዎቹም ያው ናቸው። ደጋኑ ላይ የተጻፈው 40 ፓውንድ እውነት የሚሆነው 28 ኢንች ለሚስብ ሰው ብቻ ነው፤ አንድ ኢንች ባነሱ ቁጥር ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ይቀንሳል። ፍላጻዎቹ ለደጋኑ ልክ ነበሩ፤ ለእኔ ግን እምቢተኞች ነበሩ። ክራርን ለአንድ ዘፋኝ ድምፅ እንደሚቃኙት ሁሉ ደጋንና ፍላጻም የሚቃኙት ለሚስባቸው ሰው ነው፤ የዚያ ሰው አሳሳብ በየውርወራው የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ ምንም ቅኝት አይይዝም። እኔ የምፈልገው መድኃኒት ከሱቅ የሚገዛ ነገር ነበር፤ መለካት የነበረብኝ ግን ራሴን ነው።

ሥልጠናው ላይ ስለካ 26 ኢንች እስባለሁ ተብዬ ነበር። በዚያ ሒሳብ 35 ፓውንድ ገደማ ይሆናል፤ ይህ ብቻውን ያን ያህል ግራ መሄድን አያስረዳም። ምሥጢሩን ያገኘችው ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣችው ታናሽ እህቴ ናት። ሜዳው ዳር ተቀምጣ በስልኳ በዝግታ ቀረጸችኝ። ስልኩ በሰከንድ 240 ምስል ያነሣል፤ ፍላጻው በሰከንድ 46 ሜትር ያህል የሚበር ቢሆን በሁለት ምስል መካከል የሚጓዘው 19 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ እንጨቱ ሲጎብጥ እንኳ ይታያል። እኔ ያንን ለማየት ስጓጓ እርሷ ስለ ደጋን ምንም ሳታውቅ ጣቷን ሌላ ቦታ ላይ አሳረፈች። «ወንድም ጋሼ፣ ከመልቀቅህ በፊት እኮ እጅህ ወደ ፊት ይሄዳል።»

ቪዲዮውን ደጋግመን መልሰን አየነው። እስከ 26 ኢንች ስቤ፣ ጣቴን ከአፌ ጥግ አድርሼ፣ ትንሽ ቆይቼ፣ ከዚያ ዒላማውን ሳተኩርበት እጄ ሳላውቀው ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ፍላጻው የሚለቀቀው 24 ኢንች አካባቢ ሲደርስ ነው። ያ 30 ፓውንድ ገደማ ነው። ለ40 ፓውንድ ደጋን የተመረጠ ፍላጻ በ30 ፓውንድ ጉልበት ሲገፋ ደጋኑን ዞሮ ለማለፍ የሚጎብጥበት ምክንያት የለውም። ደግሞም ስለቅቅ ጣቶቼ ከፊቴ ወደ ውጭ ይፈነጠሩ ነበር፤ ይህም ለብቻው ፍላጻን ግራ ይሰዳል። ሁለት የእኔ ጥፋቶችና አንድ የእንጨት ጠባይ ተደርበው አንድ ምልክት ብቻ ሲያሳዩ ኖረዋል።

ስለዚህ ምንም ሳልገዛ፣ ምንም ሳልነካ ሦስት ሳምንት ሠራሁ። ከ5 ያርድ ላይ፣ ዒላማ ወረቀት በሌለበት ባዶ ገለባ ፊት፣ የትከሻዬ አጥንቶች ወደ ኋላ እየተቀራረቡ ሳሉ መልቀቅን ተለማመድኩ። የምመታው ነገር ባለመኖሩ ዓይኔ ሥራ ፈታ፤ እጄም ወደ ፊት መሮጡን ተወ። ከዚያ ወደ 20 ያርድ ስመለስ ከመላጣዎቹ እስከ ባለላባዎቹ የነበረው የአንድ ክንድ ልዩነት ወደ አንድ ስንዝር ወርዶ ነበር።

የቀረችውን ስንዝር ያስተካከልኩት በእንጨቱ በኩል ነው። ፍላጻን ለማለስለስ ሁለት ቀላል መንገድ አለ፤ ማስረዘም ወይም ጫፉን ማክበድ። ሱቁ ፍላጻዎቹን በ28 ኢንች ቆርጦ ስለ ሰጠኝ የመጀመሪያው አይሆንም፣ የተቆረጠ እንጨት አይቀጠልም። ጫፎቹን በሙቀት አላቅቄ ከ100 ግሬን ወደ 125 ግሬን ለወጥኳቸው፤ ይህ ከ6.5 ግራም ወደ 8.1 ግራም መሆኑ ነው። ሁለት ግራም የማይሞላ ብረት ይህን ያህል ይለውጣል ብሎ ለማመን ማየት ያስፈልጋል።

አንዱ ፍላጻ ግን በእምቢታው ጸና። አዛውንቱ ሲወረውሩ ወጣ ያለው እርሱ ነበር፤ አራት ቁጥር ጽፌበት ነበርና ለማወቅ አላስቸገረኝም። ፍላጻዎችን ቁጥር መጻፍ ርካሽ ነው፤ ያለ ቁጥር ግን አንድ ጥፋተኛ ፍላጻ በስድስቱ መካከል ተደብቆ ሰውን ለወራት ያወናብዳል። አራት ቁጥርን አጎበጥኩት፣ እንጨቱ ተሰንጥቆ እንደሆነ ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁት፣ ቀጥ ማለቱን በብርሃን አየሁት፤ ምንም የለበትም። በመጨረሻ ያየሁት የእንጨቱን ዓመታዊ ቀለበቶች መስመር ነው። እንጨት በአንድ ወገን ይበልጥ እምቢተኛ ነው፤ ያ ወገን ደጋኑን የሚነካው መሆን ስላለበት የጭራው ስንጥቅ ቀለበቶቹን አቋርጦ መቆም አለበት። የአራት ቁጥር ስንጥቅ ሩብ ዙር ተዛብቶ ተጣብቋል። ስንጥቁ ያለበትን የጭራ ፕላስቲክ ነቅዬ፣ አዙሬ መልሼ አጣበቅሁት፤ ላባዎቹንም ከአዲሱ አቅጣጫ ጋር እንዲገጥሙ እንደገና ለጠፍኩ። አንድ ሙሉ ምሽት ወሰደብኝ፤ ፍላጻ እኮ በጥቂት ፓውንድ ይገዛል።

አሁን 40 ያርድ ላይ እወረውራለሁ። ጎኔ ባለው ደብተር ላይ ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፤ የፍላጻውን ቁጥር፣ የጭራውን ሁኔታ፣ የመታበትን ቦታ፤ በዚህ ቅደም ተከተል። ባለፈው ቅዳሜ የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ቁጥር 6፤ ከ48ኛው ውርወራ በኋላ ጭራው ታች፣ ከፍ ብሎ መታ። የጨበጥኩበት እጅ ወደ ላይ ወጥቷል ወይስ ክሩ ወርዷል?» ማታ ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ደጋኑን ወጥሬ ክሩን በማስመሪያ ለካሁት። ካሰርኩበት ቦታ ንቅንቅ አላለም።